የሙከራው መልእክት

ጓደኛዬ ጊት የሚባለውን ነገር ይዞ የመጣ ቀን ደስ አላለኝም። እኔና እሱ አየር ጤና፣ ከጋራዦች በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰው ፕሮግራም እየሠራን እንተዳደራለን። ከታች ቀኑን ሙሉ ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ ከላይ እኛ እንጨቃጨቃለን። ለፋርማሲ የመድኃኒት መቆጣጠሪያ፣ ለትምህርት ቤት የውጤት ማውጫ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ሥራውን ተካፍለን እሱ በእሱ ላፕቶፕ፣ እኔ በእኔ እንጽፍና በፍላሽ እንቀባበላለን። የእኔ ዘዴ ቀላል ነበር። አንድ ፎልደር በደንብ መሥራት ሲጀምር «የሚሠራው፣ አትንኩት» ብዬ እሰይመዋለሁ። ከዚያ ቅጂውን ወስጄ እነካካዋለሁ። ሲበላሽብኝ ወደማይነካው እመለሳለሁ። ችግሩ ጊዜ ሲሄድ የማይነኩት በረከቱና የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደመጣ እኔም ጠፋኝ።

እሱ ቤቴል አጭር ሥልጠና ወስዶ ነበር። ሥልጠናውን በጨረሰ ማግስት ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «ከዛሬ ጀምሮ ፍላሽ የለም» አለኝ።

«ፍላሽ ምን በደለህ?»

«እሱ ምንም። አንቺ ግን አሮጌውን ፋይል በአዲሱ ላይ ገልብጠሽ የሳምንት ሥራዬን ደመሰስሽብኝ።»

«እሱ አንዴ ነው።»

«ሰው ስንቴ ነው የሚሞተው?» አለኝ። ለነገር የሚያንስ ሰው አይደለም።

የተማርኩት ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ ነው። አየር ጤና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ ወደዚያ እንሄዳለን፤ አንድ ማኪያቶ አዘን ግማሽ ቀን እንቀመጣለን፤ አስተናጋጇም ታውቀናለች፣ ትገላምጠናለች። ጓደኛዬ እንደ መምህር ሲሆን አይጣል ነው። ኮሚት፣ ፑሽ፣ ፑል፣ መርጅ እያለ ሲደረድርብኝ፣ «ግፋ፣ ሳብ እያልክ ጭነት የምታስወርድ ነው የምትመስለው፤ በአማርኛ ንገረኝ» አልኩት።

በአማርኛ ሲነግረኝ ነገሩ እንደፈራሁት አልከበደኝም። አንዲት ትንሽ ሥራ በጨረስሽ ቁጥር «ይህን ያዝልኝ» ትይዋለሽ፤ ይይዝልሻል። ያ ነው ኮሚት። ስትይዢ ደግሞ ምን እንደለወጥሽና ለምን እንደለወጥሽ በአጭሩ ትጽፊያለሽ። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው እሱ ራሱ ያስቀምጣል። ነገር ሲበላሽ ወደ ደህናው ቀን ትመለሻለሽ፤ የማይነካ ፎልደር አያስፈልግም። የሚያሰጋ ነገር መሞከር ስትፈልጊ ደግሞ ከዋናው ላይ ቅርንጫፍ ታወጪያለሽ። ቅርንጫፉ ላይ እንደፈለግሽ ሁኚ፣ ዋናው አይነካም። ሙከራው ሲሳካ ሁለቱን ታዋሕጃለሽ። ሁለት ሰው አንዷን መስመር በየፊናው ለውጧት ከተገኘ ግን ጊት አይመርጥም። የአንዱን ከላይ፣ የሌላውን ከታች አድርጎ ያሳይሽና እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። መምረጥ የሰው ሥራ ነው።

«እንግዲህ ይህን ያህል ብልህ ከሆነ ለምን አይመርጥም?» አልኩ።

«ምክንያቱን ስለማያውቅ።»

እሱን ወደድኩለት። የተጣላነው ኮሚት ስናደርግ በምንጽፋቸው መልእክቶች ነው። እኔ ኮሚት ባደረግሁ ቁጥር «ተስተካክሏል» ብዬ እጽፋለሁ። ጓደኛዬ ከላይ እስከ ታች «ተስተካክሏል፣ ተስተካክሏል» የሚል ረድፍ ሲያይ ምርር ይለዋል።

«ምኑ ነው የተስተካከለው?»

«የተበላሸው።»

እሱ በተራው ሌላ ጽንፍ ነው። ደብዳቤ ነው የሚጽፈው። «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲወጣ አድርጌያለሁ፤ ጳጉሜን ግን ገና አስቸገረችኝ፤ ነገ በጠዋት አየዋለሁ፤ ባትነኪው ደስ ይለኛል» ይላል። አሠልጣኙ አጭር ይሁን ብሎት ነበር አሉ። ለእሱ ይህ አጭር ነው።

በዚህ መሀል ነው ከሰፈራችን እድር ሥራ የመጣው። የምንኖረው ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ ነው፤ እሱም እኔም እዚያው ተወልደን ያደግን ነን። ሰው ሲሞት እድሩ በለፋፊ ነበር የሚያስታውቀው፤ ሰውየው ማለዳ ጥሩምባውን እየነፋ በየመንደሩ ይዞራል። አሁን ግን ግማሹ አባል ወደ ኮንዶሚኒየም ተበትኗል፤ ጥሩምባው እዚያ አይሰማም። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሽማግሌ፣ ደረጃችንን እያለከለኩ ወጡና ወንበር ሲቀርብላቸው ሳይቀመጡ፣ «ልጆቼ፣ ሞታችንን በስልክ አድርጉልን» አሉን። ለሁሉም አባል በአንድ ጊዜ የሚደርስ መልእክት መፈለጋቸው ነው።

ሥራውን በደስታ ነው የተቀበልኩት፤ ግን ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ፊቷን አዞረች። አባቴ የሞተው በኮሮና ጊዜ ነው። ለቀብር የወጣነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን፤ እሱም ተራርቀን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን። ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤት የግቢው በር ላይ ቆሞ ከሩቅ በእጁ ምልክት እያሳየ ተመለሰ። እናቴ ያንለታ ከቀብር መልስ ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግታ ደርድራ ተቀመጠች። መምጣት እንደተከለከለ ታውቃለች፤ ግን ደረደረች። ማንም ሳይቀመጥባቸው ቀኑ መሸ። በኋላ ክልከላው ሲነሳ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ፤ ያለፈ ለቅሶ ማን ይጠራል?

ከዚያ ወዲህ እናቴ የማንም ለቅሶ ቤት ገብታ አታውቅም። በእድራችን ለቅሶ የቀረ አባል ይቀጣል። እናቴ ቅጣቱን በእኔ እጅ እየላከች ትቀራለች። «ጉልበቴን ያመኛል» ትላለች፤ ያ ጉልበት ግን ገበያ ሲሆን አያማትም። መጀመሪያ ሰዉ ዝም አላት። ቀስ በቀስ ግን ጠበል ጸዲቅ ሲሆን የማይጠሯት፣ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታ የሚያሳጥሩ በዙ። ሰፈራችን ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ ለቅሶ አለመድረስን ግን ይቅር አይልም። እኔ የፈራሁት ይህን ነው። እናቴ በቁሟ ከሰው መሀል እየወጣች ነበር። ምን ብዬ እንደምመልሳት አላውቅም ነበር። ስናገር ትቆጣለች፤ ዝም ስል እሷም ዝም ትላለች።

ወደ ሥራው ልመለስ። ፕሮግራም ይሞከራል፤ የሞት ማስታወቂያ ለመሞከር ደግሞ የሟች ስም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከራሴ አንድ ስም ፈጠርኩ። የእድሩ ጸሐፊ ስክሪኑ ላይ አይተው ክው አሉ፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ታች መንደር አለ ለካ። ሌላ ፈጠርኩ፤ እሱም የዳኛው አማች ስም ሆነ። «ምነው ልጄ፣ ሟርት ነው እንዴ ሥራሽ?» አሉኝ። ጓደኛዬን «እንግዲያው የአንተን ልጻፈው» ስለው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። በኮምፒውተር ያምናል፤ በሟርት ግን ከዚያ ይበልጥ ያምናል።

የማያሰጋ ስም ያለው የሞተ ሰው ብቻ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሰው ሟች ደግሞ ባለቤት አለው። ስለዚህ የአባቴን ስም ጻፍኩ። እኔ ስሙን ልፈቅድ የምችለው ሟች እሱ ብቻ ነበር።

መልእክቱ የእድሩ ጸሐፊ የሰጡን ነው፦ የእድራችን አባል አቶ እገሌ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ አባላት ዛሬ በቤታቸው ተገኝታችሁ ቤተሰቡን እንድታጽናኑ። በእገሌ ቦታ የአባቴ ሙሉ ስም አለ። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር መስመሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ይህን አንዴ እንዲልክ አደረግሁ። ይህን የጻፍኩት በሙከራው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ የሚደርሰው ለእኔና ለጓደኛዬ ስልክ ብቻ ነው። እሱ በዋናው ላይ የአባላቱን ስልክ ያስገባል፣ ያስተካክላል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አባቴ ይሞታል።  በኋላ ለመድኩት ብል ውሸት ነው፤ እያነበብኩ አጠፋው ነበር፤ አለቀ።

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱን ማዋሐድ ለእሱ ተተወ፤ እኔ ያን ቀን ፋርማሲው ጠርቶኝ እዚያ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ደውሎ «አዋሕጄ እድሩ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጭኜዋለሁ፤ ፕሮግራሙን ገና አላስነሳሁትም፤ ነገ አብረን እናየዋለን» አለኝ። እድሩ ቢሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የቢሮውን ኮምፒውተር ይዞት በሄደው ባትሪ አስነስቶ፣ ከላፕቶፑ ጭኖ፣ መልሶ አጥፍቶት ነው የወጣው። መብራት በየጊዜው ስለሚሄድ ማሽኑ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ፣ ፕሮግራሙም አብሮት እንዲነሳ ቀድመን አስተካክለን ነበር። ያን ነገር ሁለታችንም ያንለታ አላሰብነውም።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮአችንን ደረጃ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። የአባቴ ስም። ጓደኛዬ ማልዶ ገብቶ እየሞከረ መሰለኝና ደወልኩለት።

«ምነው በጠዋቱ? ቁርስ እንኳ ሳልበላ!» አልኩት።

«ምኑን?»

«አባቴን ትገድላለህ እንዴ በጠዋቱ።»

«እኔ ገና ታክሲ ውስጥ ነኝ» አለ። «ለእኔም ደርሶኛል። አንቺ የላክሽው መስሎኝ ነበር» አለ።

ሌላ ስልክ ገባ። ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወረች የድሮ ጎረቤታችን ናት። ሃሎ ሳልል «እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ከእሷ በኋላ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ነገሩ ሲገባኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መብራት መጥቶ ማሽኑ ራሱ ተነስቷል፤ የእሱ የአባላት ዝርዝርና የእኔ ሙከራ ተዋሕደው መልእክቱ ለእድሩ አባል ሁሉ ደርሷል። አባቴ ሲሞት አባልነቱ ወደ እናቴ ዞሯል። ለእሷም ደርሷታል ማለት ነው።

ለጓደኛዬ «እድሩ ቢሮ ሂድና ማሽኑን አጥፋው። ከዚያ 'በስህተት የተላለፈ ነው፣ ይቅርታ' የሚል ማረሚያ አዘጋጅ። እማዬን ሳላገኛት እንዳትልክ» አልኩት። እናቴ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ከአየር ጤና እስከ ሰፈሬ ታክሲ ውስጥ ስትታየኝ የነበረችው ስልኳን ይዛ ያንን መስመር ፊደል በፊደል ስታነብ ነው። እናቴ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ከራሴም ከጓደኛዬም ከእድሩም ጋር ተጣላሁ፤ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ እሱንም ቆጣሁት።

የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እየገቡ ነው። ሁለት ወጣቶች የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ግድግዳው ላይ ሳያጋጩ ለማስገባት ይታገላሉ። እናቴ ሳሎን፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ተቀምጣለች፤ ስልኳ ጭኗ ላይ ነው። አጠገቧ በርከክ አልኩ።

«ማነው የላከው?» አለችኝ በቀስታ።

«የእኛ ፕሮግራም ነው እማዬ። ስህተት ነው። አሁኑኑ ማረሚያ ይላካል።»

«ምን ብሎ?»

«'ቀደም ብሎ የተላከው መልእክት ስህተት ነው' ብሎ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምኑ ነው ስህተቱ? አባትሽ አልሞተም ልትያቸው ነው?»



«ተይው» አለች። «ይምጡ።»

ውጪ ወጥቼ ለጓደኛዬ ደወልኩ። «አትላክ» አልኩት።

«ማረሚያውን?»

«አትላክ አልኩህ!»

ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም። ይህን ድሮም አውቀዋለሁ፤ ምን ያህል እንደሆነ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አዲሶቹ አባላት አባቴን ከነመኖሩም አያውቁትም፤ ስሙን አንብበው መጡ። የድሮዎቹ በደንብ ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ሙት ዓመት መስሏቸዋል፤ አንዳንዶቹ ያ የቀረው ለቅሶ አሁን የተጠራ ነው ብለዋል፤ አንዷ እናቴ የሞተች መስሏት እየጮኸች ገብታ እናቴን ፍራሹ ላይ ስታያት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ የባሰ አለቀሰች። ማንም «እንዴት ነው ነገሩ?» አላለም። ገቡ፣ አለቀሱ፣ ተቀመጡ። አባቴ መለዋወጫ ይሸጥበት ከነበረው ሱቅ ጎን የሚነግዱ ሰዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

ዳኛው ሲገቡ እኔን ወደ ጥግ ሳቡኝ። «ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የማረሚያውንም፣ እናቴ ያለችውንም። ጸሐፊው ከኋላ ቆመው ሲሰሙ ኖሮ፣ «ደንብ አለን እኮ ጋሼ፤ ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም» አሉ።

ዳኛው ዘወር ብለው አዩዋቸው። «አንድ ጊዜስ መቼ ተከልንለት?» አሉ። ከዚያ ለወጣቶቹ ጮክ ብለው «ድንኳኑን አምጡ!» አሉ።

ጓደኛዬ የመጣው ድንኳኑ ሊቆም ሲል ነው። አባቴ ሲሞት እሱ ክፍለ ሀገር ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ አልደረሰም። ከልጅነቱ እኛ ቤት ነው ምሳ የሚበላው፤ አባቴ የመጀመሪያ ኮምፒውተራችንን ሲገዛልን «ለሁለታችሁ ነው፣ ብትጣሉ እሸጠዋለሁ» ብሎ ነበር። በሩ ጋ ደርሶ አባቴን «ጋሼ» ብሎ አንዴ ጠራና ግንቡን ተደግፎ ቀረ። ሰዎች ደግፈው አስገቡት። እናቴ ተነስታ አቀፈችው። እሷም ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ድምፅ አውጥታ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ ማለት አይገባም፤ ግን ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ ለሰው ንፍሮ ሲታደል እኔ ጓዳ ገባሁና ላፕቶፔን ከፈትኩ። ጥፋተኛውን ፈልጌ ነው። ይቅር ብያለሁ እንዴ? አላልኩም። ጊት ለዚህ ይመቻል፤ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያወጣ ትእዛዝ አለው፤ ትእዛዙ ራሱ በስሙ «ወቀሳ» ነው የሚባለው። ከቤቴል ትምህርቴ ውስጥ ሳልጽፈው በቃሌ የያዝኩት እሱን ብቻ ነበር። የመልእክቱን መስመር አስጠየቅሁት። መጀመሪያ የእኔን ስም አወጣ፤ ወደ ዋናው ያስገባውን ስጠይቀው ግን የጓደኛዬን ስም አወጣልኝ። ውሕደቱን ሲይዝ የጻፈውን ከፈትኩ፤ እንደልማዱ ደብዳቤ ነው፦

«የሙከራውን ከዋናው ጋር አዋሕጃለሁ። አንድ መስመር ላይ ብቻ ተጋጨን። በእኔ በኩል የስሙ ቦታ ባዶ ነው፣ በእሷ በኩል የጋሼ ስም አለ። ትክክሉ ባዶው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የጋሼን ስም በእኔ እጅ ልሰርዘው አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር። ለጊዜው እንዳለ ትቼዋለሁ። ከማስነሳታችን በፊት እሷ ልጁ ናትና ራሷ ታውጣው። ነገ በጠዋት እነግራታለሁ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ተናድጄ ነበር፤ ንዴቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ወጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ጎኑ ተቀመጥኩ።

«ስልክ ላይ መናገር አቃተህ?» አልኩት።

«በስልክ እንዴት እላለሁ፤ የአባትሽን ስም ሰርዢ ልበልሽ?» አለኝ። «ፊት ለፊት ልነግርሽ ነበር። መብራቱ ቀደመኝ።»

«በኮልፌ ታሪክ መብራት የቀደመው የመጀመሪያው ሰው አንተ ሳትሆን አትቀርም» አልኩት። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ፤ ጸሐፊው ገላመጡን።

እናቴ ሦስቱንም ቀን ተቀመጠች። የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠራች «እንኳን መጣህ፣ እንኳን መጣሽ» አለች፤ መንገድ ላይ ሰላምታ ሲያሳጥሩባት የከረሙትንም ጭምር። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ዳኛው ሊሰናበቷት ሲጠጉ «እርሜን አወጣሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ቆባቸውን አንስተው እጅ ነሷት። ስለ ፕሮግራሙ ለእኔ የተናገሩት ከወጡ በኋላ ነው። እድሩ አይተወውም፤ ግን ከእንግዲህ አንድም መልእክት እሳቸው በእጃቸው ሳይጫኑት አይወጣም። ተገቢ ነው።

ወደ ሥራ ስንመለስ ጓደኛዬ ውሕደቱን ወደ ግጭቱ መልሶ ያንን ፋይል ከፈተና ወንበሩን ለቀቀልኝ። ግጭት እንዴት እንደሚፈታ በእጄ የሠራሁት ያኔ ነው፤ እስከዚያ በወሬ ነበር የማውቀው። ሁለቱን ምርጫዎች አስቀምጦልኛል፦ ከላይ ባዶው፣ ከታች የአባቴ ስም። ጠቋሚውን ስሙ መጨረሻ ላይ አድርጌ ፊደል በፊደል ወደ ኋላ ሰረዝኩት። በአንዴ መርጦ ማጥፋት ይቻል ነበር። ጓደኛዬ መስኮቱ ጋ ሄዶ ከታች ጋራዡን ያያል፤ አውቆ ነው። ከዚያ ሙከራው ከሁለታችን ስልክ ውጭ እንዳይወጣ አሰርኩት፤ ሞከርኩት፤ ስም የሌለው መልእክት ለሁለታችን ደረሰን። የያዝኩበትን ምክንያት ስጽፍ «ተስተካክሏል» ልል እጄ ሄዶ ነበር። አጠፋሁትና ምን እንዳወጣሁ፣ ለምን እንዳወጣሁ፣ ሌላ ሰው ሲመጣ እንዲገባው አድርጌ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ አነበበው።

«ረዘመ» አለኝ።

«ዝም በል።»

ከዚያ ጥቂት ቀናት አለፉ። እሑድ ነው፤ እናቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች፣ እኔ ሳሎን ተጋድሜ። ሁለቱ ስልኮቻችን አብረው ጮኹ። በመጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ነው፤ ዘልዬ ተነሳሁ። መልእክቱ ግን ትክክለኛ ነበር። ከላይኛው መንደር አንዲት አሮጊት አርፈዋል፤ ዳኛው ናቸው የላኩት። ስሙን ሁለቴ አረጋገጥኩ፣ ለጓደኛዬ ደወልኩ፣ እሱም እድሩ ቢሮ ደውሎ ነበር፤ ሁሉም ደህና ነው። የሠራነው ነገር ሠርቷል ብዬ እፎይ ብዬ ተመልሼ ጋደም አልኩ።

ወጥ ቤት የቢላው ድምፅ ቆሟል። እናቴ ስልኳን ራቅ አድርጋ ይዛ ስታነብ ይሰማኛል፤ ከንፈሯ ነው የሚሰማው። ትንሽ ቆይታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። መኝታ ቤት ገብታ ነጠላዋን አመጣች፣ በር ላይ ቆማ አዘቀዘቀችው፣ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አደረገች። እኔን ስታየኝ ተቆጣች።

«ምን ተጋድመሽ ታይኛለሽ? ተነሺ እንጂ፤ ሰው ሞቷል።»